ግድግዳው ላይ የነበረው

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ልጻፈው።

ብለድቦርንን መጫወት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለፕሌይስቴሽን 4 የወጣ፣ የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር የሠራው ጌም ነው። መጀመሪያ ተራ የአውሬ አደን መስሎኝ ነበር። ጨለማ ከተማ፣ ጩኸት፣ ደም። እፈራለሁ፣ እሞታለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ።

ጌሙ ውስጥ ኢንሳይት የሚባል ቁጥር አለ። ያየኸውን ይቆጥራል። አዲስ ቦስ፣ ማለትም ከሌሎቹ የሚከብድ ዋና ጠላት፣ ፊት ስትቆም ይጨምራል። ሌላ ጌም ላይ ቁጥር ሲጨምር ትጠነክራለህ። እዚህ ግን ዓለሙ ራሱ ይለወጥብሃል። ዜሮ ላይ ሳለህ ግዑዝ የነበረችው አሻንጉሊት፣ አንድ ስትደርስ ተነስታ ታናግርሃለች። ብዙ ባወቅህ ቁጥር ደግሞ እብደት በቀላሉ ይይዝሃል።

ትናንት ማታ 40 ደረስኩ። ሁልጊዜ ከምመላለስበት ጸሎት ቤት ወጥቼ ቀና ስል ግድግዳው ላይ አንድ ግዙፍ ነገር ተጣብቋል። ክንዱ ብዙ ነው። ራሱ ወንፊት ይመስላል፤ በቀዳዳዎቹ ዓይኖች ያያሉ። ዝም ብሎ ተቀምጧል። ያኔ ነው የገባኝ። አሁን አልመጣም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥሩ ስመላለስ እዚያው ነበር።

ጆይስቲኩን አስቀመጥኩት።

ልጅ ሆኜ የምፈራው ሰይጣንን ነበር። ያ ፍርሃት መልስ ነበረው። ማዕተብ አለ፣ ጠበል አለ፣ አያቴ በስመ አብ ብላ ታማትብብኛለች። ደግሞ ሰይጣን ነፍሴን ይፈልጋታል፤ እሱ ዘንድ እንኳ ዋጋ አለኝ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ግን መኖሬን ልብ ያለው አይመስልም።

ኤሊያንን ያየሁ ጊዜም እንዲሁ ሆኜ ነበር። በ1979 የወጣው ፊልም ነው። ሰዎቹን ከሚያሳድደው ጭራቅ ይልቅ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ደርቆ የቀረው ግዙፍ ፍጡር ነው የሚረብሸኝ። ማን ነበር? ፊልሙ ምንም ሳይል ያልፈዋል።

የዚህ ዓይነቱ ፍርሃት ዋና ምንጭ በ1937 የሞተው አሜሪካዊው ደራሲ ላቭክራፍት ነው። እሱን ሳስብ ልቤ ይከፈላል። ጥቁሮችንና ስደተኞችን ይጸየፍ ነበር፤ ደብዳቤዎቹ ላይ በግልጽ ጽፎታል። እኔን የመሰለ ሰው መንገድ ላይ ቢያገኝ ከጭራቆቹ ጎን ያሰልፈው ነበር። ያመኛል። ግን እኮ ድርሰቶቹ በሙሉ የሚሉት፣ በዚህ ሰማይ ሥር ሰው የሚባል ሁሉ ኢምንት ነው ነው። ታዲያ እሱስ ከማን በልጦ ነው ጎረቤቱን የናቀው? የጻፈውን ራሱ አላመነውም እላለሁ። ፍርሃቱን ግን አልተውለትም። የኔም ነው።

ዛሬ ከሰዓት ጌሙን እንደ አዲስ ጀመርኩት። ጸሎት ቤቱ ጋ ስደርስ መሽቷል። ኢንሳይቴ ገና ጥቂት ነው። ቀና አልኩ፤ ግድግዳው ባዶ ነው። ቢሆንም ከሥሩ አላለፍኩም፤ ዞሬ በሌላ በኩል ሄድኩ።