ጆ ላፕቺክ እና ያ እቅፍ

ሰሞኑን ልቤን የያዘው አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋችና አሰልጣኝ ጆ ላፕቺክ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 በኒው ዮርክ አጠገብ ባለችው ዮንከርስ ከቼክ ስደተኞች ተወለደ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። ቁመቱ ግን ከ1 ሜትር ከ90 በላይ ነበር፤ በዚያ ዘመን የቅርጫት ኳስ ይህ ቁመት መተዳደሪያ ይሆናል።

ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ግብ በኋላ ጨዋታው እንደገና ከመሃል ሜዳ ይጀመር ነበር። ዳኛው ኳሷን ወደ ላይ ይወረውራል፤ ሁለቱ ረጃጅሞች ይዘላሉ፤ ቀድሞ የነካት ለጓደኛው ያቀብላል። ደንቡ እስከ 1937 ቆይቷል። ጎበዝ ዘላይ ያለው ቡድን ኳሷን ለተጋጣሚው ሳያስነካ ነጥብ ሊደራርብ ይችል ነበር። ላፕቺክ ይህን ሥራ የሠራው ለኒው ዮርኩ ኦሪጅናል ሴልቲክስ ነው፤ ከዛሬው የቦስተን ቡድን ጋር ዝምድና የለውም። ከከተማ ከተማ እየዞሩ ያገኙት አዳራሽ ውስጥ ሁሉ ይጫወቱ ነበር።

ትልቁ ባላንጣቸው ቦብ ዳግላስ በ1923 በሃርለም ያቋቋመው የጥቁሮች ቡድን ሬንስ ነበር። ስሙን ያገኘው በሜዳነት ከሚጠቀምበት ሬኔሳንስ የጭፈራ አዳራሽ ነው። በነጮች ሊግ ቦታ አልነበረውም፤ ተጫዋቾቹ በየመንገዱ ሆቴልና ምግብ ቤት ይከለከሉ ነበር። እንዲያም ሆኖ በ1932 እና 33 የውድድር ዘመን 88 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ። ያንን ጉዞ የገቱት ሴልቲክሶች ናቸው።

ታዲያ ላፕቺክ ከሬንሱ የመሃል ተጫዋች ከታርዛን ኩፐር ጋር ለዝላይ ሲቀርብ፣ አስቀድሞ በተመልካቹ ፊት ያቅፈው ነበር። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ነጭና ጥቁር ሲፋለሙ ለማየት ከፍሎ የገባ ሕዝብ መሃል ቆሞ ማቀፍ ቀላል አይደለም። በግል ወዳጅ መሆን ይቻል ነበር፤ እርሱ ግን ሁሉም እንዲያየው ፈለገ።

በአሰልጣኝነቱም አልተለወጠም። በ1950 የኒው ዮርክ ኒክስ አሰልጣኝ ሳለ፣ የቀድሞውን የሬንስ ተጫዋች ናት ክሊፍተንን ቡድኑ ሲያስፈርም ከጎኑ ቆመ። በኤንቢኤ፣ ማለትም በአሜሪካ ዋናው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ከተጫወቱት የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች አንዱ ክሊፍተን ነው። የላፕቺክ ልጅ ሪቻርድ፣ ገና ሕፃን ሳለ አባቱን የሚመስል አሻንጉሊት ለተቃውሞ ከቤታቸው ማዶ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ማየቱን በኋላ ተናግሯል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ተቀመጥኩ። አባትየው ግን ክሊፍተንን ማጫወቱን ቀጠለ።

ኒክስን ከ1951 እስከ 1953 በተከታታይ ለፍጻሜ አድርሶ ሦስቱንም ተሸነፈ። ጭንቀት ጤናውን ስለጎዳው በ1956 ለቆ፣ ቀድሞ ወዳሠለጠነበት ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። በ1951 የኮሌጅ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ጉቦ ተቀብለው ሲያዙ የወጡትን የጋዜጣ ቁርጥራጮች በደብተር ለጥፎ፣ ተማሪዎቹን ያስነብብ ነበር። የትኛውም ምክር ከዚህ የሚበልጥ አይመስለኝም፤ ልጆቹ የእኩዮቻቸውን ስምና ፎቶግራፍ በዓይናቸው ያያሉ።

በ1965 ዩኒቨርሲቲው በ65 ዓመት ጡረታ የሚል ደንቡን አስከበረ። ላፕቺክ በመጨረሻ ጨዋታው ቪላኖቫን 55 ለ 51 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። እንዲህ ያለውን ሰው በዕድሜው ማሰናበት ዛሬም ያናድደኛል።

በ1970 አረፈ። ዳግላስ በ1972፣ ኩፐር በ1977 ወደ ቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ሲገቡ ለማየት አልታደለም። ቀጥዬ ስለ ዳግላስ አነባለሁ፤ ሆቴል በማያስገባ አገር ያንን ቡድን እንዴት አድርጎ ለዓመታት እንዳቆየው ማወቅ እፈልጋለሁ።