ለክሌብሲየላ የክትባት ዒላማ ስፈልግ የተማርኩት

ክሌብሲየላ ኒሞኒያ የተባለችውን ባክቴሪያ ድሬዳዋ ውስጥ ካልቸር የሚሠራ፣ ማለትም ከታማሚ ናሙና ባክቴሪያ የሚያሳድግ፣ ሁሉ ያውቃታል። ማሳደጊያ ፕሌት ላይ ትልልቅና የሚያብረቀርቁ ኮሎኒዎች (የባክቴሪያ ክምችቶች) ትሠራለች፤ ሉፕ በተባለው ቀጭን ሽቦ ሲነኳቸው እንደ ሙጫ ይሳባሉ። የሚያስጨንቀው ቀጥሎ ያለው የመድኃኒት ምርመራ ነው። መድኃኒት በያዙት ትናንሽ ዲስኮች ዙሪያ ባክቴሪያው ያልበቀለበት ባዶ ክብ መታየት ነበረበት። እሷ ግን እስከ ዲስኩ ጠርዝ በቅላ ታድራለች። ሴፍትሪያክሶን አይሠራም። ጄንታማይሲን አይሠራም። አንዳንዴ ሜሮፔኔምም አይሠራም።

ናሙናው ደግሞ የጨቅላ ሕፃን ደም ነው። ውጤቱን ስናገር ሲስተሯ «አቦ፣ ሌላ የቀረ የለም?» ትለኛለች። ብዙ ጊዜ የምመልስላት አይኖረኝም። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ርዕስ ስመርጥ ከዚች ባክቴሪያ አልወጣም ያልኩት ለዚህ ነው።

ችግሩ የድሬ ብቻ አይደለም። ባርናርድስ የተባለው ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በ7 የአፍሪካና የደቡብ እስያ አገሮች የጨቅላ ሕፃናትን የደም ኢንፌክሽን ተከታትሏል። በብዛት ያገኘው እሷኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ዝርዝርም ካርባፔነምን (እነ ሜሮፔኔምን) የተላመደችው ክሌብሲየላ ከላይ ተቀምጣለች። መድኃኒት እያለቀ ከሆነ የሚሻለው ሕፃኑን ከመጀመሪያው እንዳትይዘው ማድረግ ነው። ለዚያ የሚሆን ፍለጋ ደግሞ ውድ ላቦራቶሪ ሳይኖር መጀመር ይቻላል።

መንገዱ ሪቨርስ ቫክሲኖሎጂ ይባላል። ባክቴሪያውን አሳድጎ ፕሮቲኖቹን አንድ በአንድ ከመፈተን ይልቅ ከጂኖሙ፣ ማለትም ከሙሉ የዘር መረጃው፣ ይነሳል። ሳይንቲስቱ ሪኖ ራፑዮሊና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. የማጅራት ገትር ቢ ባክቴሪያን ጂኖም ይዘው ወደ 600 የሚጠጉ እጩ ፕሮቲኖችን በኮምፒውተር መረጡ። ከእነሱ 350 ያህሉን ላቦራቶሪ ውስጥ አመረቱ። ከዚያ የተወለደው ክትባት አውሮፓ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ኮምፒውተሩ ያሳጠረው መጀመሪያውን ብቻ ነው። ይህን ዘርፉን የሚጀምር ሰው ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ሶፍትዌር ከመክፈቴ በፊት ለአንድ ጥያቄ ጊዜ ሰጠሁ። ክትባቱን የሚወስደው ማነው? ጨቅላዎቹ የሚታመሙት በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። እነሱን ከትቦ መድረስ አይቻልም። መከተብ ያለባት ነፍሰ ጡሯ እናት ናት። የእሷ አይጂጂ የተባለው አንቲቦዲ (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በእርግዝና ጊዜ የሚሰጠውም በዚሁ መንገድ ሕፃኑን ስለሚጠብቅ ነው።

ይህ መልስ ቀሪውን ሥራ ወሰነልኝ። ወደ ልጁ የሚያልፈው አንቲቦዲው ነው። ስለዚህ ብዙ የዘርፉ ጽሑፎች የሚደክሙበትን አንድ ሥራ ተውኩት። ጸሐፊዎቹ ቲ ሴል የተባሉት የመከላከያ ሴሎች የሚለዩዋቸውን ትናንሽ የፕሮቲን ቁራጮች (ኤፒቶፖች) በማያያዣ ይቀጥሉና ሰው ሠራሽ ፕሮቲን ያወጣሉ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ቲኤልአር4 ከተባለው የመከላከያ ሴሎች ተቀባይ ጋር ያጣብቁታል። ሥዕሉ ያምራል። እናትየው አንቲቦዲ ለመሥራት የቲ ሴል እገዛ እንደሚያስፈልጋት አውቃለሁ፤ ሙሉ ፕሮቲን ግን ያንን ይዞ ይመጣል። እኔ የምፈልገው ከባክቴሪያዋ ውጭ የሚታይ፣ አንቲቦዲ ሊይዘው የሚችል ነገር ነበር።

ጂኖሞቹን ማንም በነፃ ኤንሲቢአይ ከተባለው የጂኖም ቋት ያወርዳል። የመጣውን ሁሉ ግን አላወረድኩም። ቋቱ ውስጥ የሚበዙት የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የቻይና ናሙናዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም የጥቂት ክሎኖች (ከአንድ ምንጭ የተባዙ ተመሳሳይ ባክቴሪያዎች) ድግግሞሽ ናቸው። በእነሱ ብቻ ተመርኩዞ «በሁሉም ዘንድ ይገኛል» ማለት የእኛን ሕፃናት ይዘነጋል። የአፍሪካንና የደቡብ እስያን የጨቅላ ደም ናሙናዎች አስቀደምኩ፤ ተመሳሳዮቹን ቀነስኩ። ማውረዱ የሌሊት ሥራ ነው። ቀን ቀን ኔትወርኩ አይችልም፤ የድሬ ሙቀትም ላፕቶፕ ያሰቃያል። ከባዱን ስሌት በነፃ ለሚያገለግለው ለጋላክሲ ሰርቨር ሰጠሁት። መብራት ቢሄድም ሥራው እዚያ ይቀጥላል። ላፕቶፔ አቅም የለውም ብሎ የተወ ተማሪ ካለ ይህን ይሞክር።

አንድ የክሌብሲየላ ጂኖም ከ5,000 እስከ 6,000 ጂን ይይዛል። በሁሉም ዝርያዎቿ የሚገኙት ከ2,000 በታች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በውጭ ሽፋኗ ላይ የሚቀመጡትን ፕሮቲኖች ፒሶርትቢ የተባለው ፕሮግራም ለየልኝ። ከሰው ፕሮቲን ጋር የሚመሳሰሉትን ብላስት በተባለው ማወዳደሪያ ፕሮግራም አስወጣሁ። እስከዚህ ቀላል ነው።

ክርክሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በርካታ ጥናቶች ዒላማው ባክቴሪያው ያለ እሱ የማይኖርበት ጂን መሆን አለበት ይላሉ። እኔ አልተቀበልኩትም። ይህ ማጣሪያ ለመድኃኒት ነው የሚሆነው። መድኃኒት የፕሮቲኑን ሥራ ያስቆማል። ለአንቲቦዲ ግን የሚይዘው ነገር ላዩ ላይ መገኘቱ ይበቃዋል። ማጅራት ገትር ቢ ክትባት ውስጥ ያለው ናድኤ የተባለ ፕሮቲን በብዙ ዝርያዎች ዘንድ ጂኑ እንኳ የለም። ያለ እሱም ይኖራሉ።

አማካሪዬ ሐረር ናቸው። ደንገጎን ሽቅብ ወጥቼ ፊት ለፊት ተከራከርን። «በል እንግዲህ፣ የታወቁትን አንቲጅኖች በራስህ ማጣሪያ አሳልፋቸውና አሳየኝ» አሉኝ። አንቲጅን ማለት አንቲቦዲ የሚያነጣጥርበት ነገር ነው። ከሁሉም የጠቀመኝ ምክር ይህ ነው። በክትባት ውስጥ የገቡ ፕሮቲኖችን ከማይታወቁት ጋር ቀላቅሎ ማሳለፍ። ማጣሪያው እነሱን ከጣለ የእኔንም ጥሩ እጩዎች እየጣለ ሊሆን ይችላል። አንድ ፕሮቲን አንቲጅን መሆን አለመሆኑን በነጥብ የሚገምተው ቫክሲጄን የተባለ ፕሮግራም ላይ የተለመደውን የ0.4 መቁረጫም በዚሁ ዓይን አየሁት። ፕሮግራሙ ስለ ባክቴሪያ የተማረው ከ100 የታወቁ አንቲጅኖች ነው። 0.39 ያገኘን ፕሮቲን ጥሎ 0.41 ያገኘውን መያዝ ምን ትርጉም አለው? ውጤቱን ደረጃ ለማውጣት ብቻ ተጠቀምኩበት።

ብዙ የቆየሁት ግን ቅርጹ ላይ ነው። የውጭ ሽፋን ፕሮቲኖች አብዛኞቹ የበርሜል ቅርጽ አላቸው። በርሜሉ ሽፋኑ ውስጥ ተቀብሯል። አንቲቦዲ የሚደርስባቸው ከላይ ብቅ የሚሉት ቀለበቶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ፕሮቲኑ በሁሉም ዝርያ ተመሳሳይ ነው» የሚል ጥቅል ቁጥር ያታልላል። ብዙ ጊዜ የማይለወጠው የተቀበረው ክፍል ነው። የሚለዋወጡት ሰውነታችን የሚያያቸው ቀለበቶች ናቸው። አልፋፎልድ የተባለው ፕሮግራም የተነበየውን የፕሮቲን ቅርጽ እያየሁ ቀለበቶቹን ለብቻቸው ለይቼ ከዝርያ ዝርያ አወዳደርኳቸው። ዝርዝሬ በአንዴ ተመናመነ። ቢሆንም የተረፈው ዝርዝር ይበልጥ የሚታመን ሆነ።

ከቀሩት መካከል ብረት ተቀባዮቹ፣ ማለትም ለባክቴሪያዋ ብረት የሚያስገቡት ፕሮቲኖች፣ ልቤን ሳቡት፤ ፌፕኤ አንዱ ነው። ሰውነታችን ብረቱን ከባክቴሪያ ይደብቃል። ክሌብሲየላም ደም ውስጥ ስትገባ ብረት ለመንጠቅ እነዚህን ፕሮቲኖች በብዛት ታወጣለች። በሽታው ሲጀምር በገፍ የሚወጣ ዒላማ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ግን ካፕሱሏ፣ ማለትም ውጭዋን የሚሸፍነው የስኳር ልባስ፣ አለ። በሴረም ምርመራ ብቻ 77 ዓይነት ካፕሱሎች ተለይተውላታል። ያን ሁሉ በአንድ ክትባት መሸፈን ስለሚከብድ ነው ወደ ፕሮቲን የሄድኩት። ያው ካፕሱል ደግሞ ፕሮቲኑን ይሸፍነዋል። አንቲቦዲው ያንን ወፍራም ልባስ አልፎ ቀለበቱን ይይዝ እንደሆነ የተጠቀምኩባቸው ፕሮግራሞች አይነግሩኝም። አንጀታችን ውስጥ በሰላም የሚኖረው ኢ. ኮላይም ተመሳሳይ ፌፕኤ አለው፤ ይህም ወደፊት መታየት አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የቪ710 ታሪክ አለ። የመድኃኒት ኩባንያው ሜርክ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ (ስታፍ) በተባለ ሌላ ባክቴሪያ ላይ የሞከረው ክትባት ነው። ዒላማው ኢስድቢ የተባለ፣ እሱም ብረት የሚቀበል ፕሮቲን ነበር። የልብና የደረት ቀዶ ሕክምና በሚጠብቁ ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ በ2011 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ። አንቲቦዲ በደንብ ፈጥሯል። በሽታውን ግን አልተከላከለም። ጭራሽ ስታፍ ከያዛቸው ታማሚዎች መካከል የተከተቡት ይበልጥ ሞቱ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የኮምፒውተር ውጤት ይዞ «ክትባት ተገኘ» የሚል ርዕስ ሳይ ያመኛል። የሚጠብቁት እናቶች ናቸውና። በመመረቂያ ጽሑፌ ላይም «መመርመር የሚገባቸው ፕሮቲኖች» ብዬ ነው የጻፍኩት።

ቀጣዩ ሥራ የፕሮቲን ነው። የተመረጡትን ኢ. ኮላይ ውስጥ ማምረት፣ ከዚያ የእናቶች ደም ውስጥ እነሱን የሚይዝ አንቲቦዲ መኖሩን ኤላይዛ በተባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ማየት። እስከዚያው ከጨቅላዎች ደም የምናገኛቸውን ክሌብሲየላዎች አንጥልም። በቅዝቃዜ እንዳይሞቱ ግሊሰሮል የተባለ ፈሳሽ ውስጥ አድርገን ከዜሮ በታች በ80 ዲግሪ እናስቀምጣቸዋለን። የእነሱ ጂኖም ሲነበብ መጀመሪያ የማየው ቀለበቶቻቸው ከዝርዝሬ ጋር መግጠም አለመግጠማቸውን ነው።