ትኩስ ውስኪ ለአዲስ አበባ ብርድ፦ ቅመሙ ይቅደም፣ ውስኪው ይከተል

አዲስ አበባን በቀን ብቻ የሚያውቃት ሰው ብርዷን አያምንም። ከሰዓት በኋላ በሸሚዝ የዋለ ሰው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጃኬት ፍለጋ ይሮጣል። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ውልቅ ብሎ ይወጣል። ቤቶቻችን ደግሞ ማሞቂያ የላቸውም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም። እኔ የምኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ነው። ማታ ማታ ጋቢ ደርበን ነው የምንጫወተው። ትኩስ ውስኪ መሥራት የጀመርኩትም ለእነዚህ ምሽቶች ብዬ ነው።

መጠጡ የስኮትላንድና የአየርላንድ ሰዎች የቆየ ልማድ ነው። ብዙ ቦታ «ሆት ቶዲ» ይባላል። ውስኪ፣ ሙቅ ውሃ፣ ማር ወይም ስኳር፣ ሎሚ። አየርላንዶች የሎሚ ቁራጭ ላይ ቅርንፉድ ሰክተው ይጨምሩበታል። ይኸው ነው። ዝርዝሩን ሳየው ግን ትዝ ያለኝ ሌላ ነገር ነው፤ የአክስቴ አረቄ። ጉንፋን የያዘው ሰው ቤቷ ከመጣ፣ አንድ መለኪያ አረቄ ላይ ማርና ሎሚ አድርጋ ትሰጠዋለች። ስለዚህ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ።

«እቴቴ፣ ውስኪ ላይ ቅርንፉድና ቀረፋ ይሆናል?» አልኳት።

«ሻይ ላይ የሚሆን ምን የማይሆን አለ? ግን መጠጡን ከቅመሙ ጋር እንዳትጥደው የኔ ልጅ። ሽታው ሁሉ ቤት ውስጥ ያልቅና ለአንተ ውሃው ይቀርሃል።»

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። ነገሩን እንደ ኮክቴል ሳይሆን እንደ ቅመም ሻይ ማየት ጀመርኩ። ቅመሙ ለብቻው በደንብ ይፈላል። ውስኪው እሳት አይነካም፤ መጨረሻ ላይ ይገባል።

ከተማችንም የራሷ ጠባይ አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ አይደርስም። 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የውጭ አገር አሠራሮች ቅርንፉዱን ብርጭቆ ውስጥ ጨምረህ የፈላ ውሃ አፍስስበት ይላሉ። እኛ ጋ እንዲህ ሲደረግ ቅርንፉዱ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ጣዕሙን በወጉ አይሰጥም። ስለዚህ ድስት ላይ፣ ተከድኖ፣ በቀስታ እሳት አሥር ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ለሁለት ሰው ሁለት ብርጭቆ ተኩል ውሃ፣ አራት ፍሬ ቅርንፉድ፣ የጣት ርዝመት ያላት ቀረፋና ሁለት ስስ ቁራጭ ዝንጅብል ይበቃል። ኮረሪማ የሚወድ ከአንዱ ፍሬ ጥቂት ዘር ያውጣና ደቆስ አድርጎ ይጨምር። ጠቅላላውን ከተጨመረ ግን ሌላውን ሁሉ ውጦ ያስቀረዋል።

ቅርንፉድ ስትገዙ አንዱን አንስታችሁ ጭንቅላቱን በጥፍር ጫን አድርጉት። ደህናው ትንሽ ቅባት ያወጣል፤ ጣታችሁም ላይ ሽታው ይቆያል። ደርቆ የሚፈረፈር ከሆነ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው። ስምንትም ብትጨምሩበት ጠብ የሚል ነገር የለም።

አሁን ወደ ማሩ። እኔ ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ማሩ ነው፤ ቢፈጅም ይገባዋል። አብዛኞቻችን የምንገዛው ያልተጣራ ማር ነው፤ ሰፈፉ አብሮት አለ። እንዲህ ያለው ማር ትኩስ መጠጥ ውስጥ በቀጥታ ሲገባ ሰሙ ይቀልጥና ላዩ ላይ ይንጣለላል። መጠጡ በረድ ሲል ደግሞ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ነጭ ቀለበት ይሠራል፤ ከንፈር ላይም ይለጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ ማሩን አስቀድማችሁ ለብ ባለ ውሃ በጥብጡት። ጣት የሚችለው ሙቀት ይበቃል። ሁለት ማንኪያ ማር ለአንድ ማንኪያ ውሃ። ሰሙ ሳይቀልጥ እንደ ጠጠረ ስለሚቆይ፣ በሻይ ማጥለያ ስታጠሉት ሁሉም ማጥለያው ላይ ይቀራል። የሚወርደው ጥርት ያለ ብጥብጥ ነው።

የማሩ ዓይነትም ለውጥ አለው። የትግራይ ነጭ ማር ለስለስ ያለ ስለሆነ ውስኪውን አይጫነውም፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ጠቆር ያለው የጫካ ማር ጠንከር ይላል። ከዝንጅብል ጋር ግን በጣም ይስማማል።

ሎሚያችን ትንሽ ናት፤ ኮምጣጣነቷ ግን ከባድ ነው። ለሁለት ብርጭቆ የአንዷ ግማሽ ትበቃለች። ጭማቂውን ድስቱ ከወረደ በኋላ ጨምሩት። ልጣጩ አብሮ ከተቀቀለ መረር ያለ ጣዕም ያመጣል።

ውስኪን በተመለከተ፣ ውድ ጠርሙስ ለዚህ መክፈት አያስፈልግም። ማርና ቅርንፉድ የገባበት መጠጥ ውስጥ የረጅም ዘመን ውስኪ ረቂቅ ጣዕም አይታወቅም። ጭስ ጭስ የሚሉትን የስኮትላንድ ውስኪዎች ግን ተዉአቸው፤ ከቀረፋ ጋር ይጣላሉ። እንደ ጀምሰን ያለ ለስላሳ የአየርላንድ ውስኪ ጥሩ ነው። አየርላንድም ሆነ ስኮትላንድ ውስጥ ውስኪ ለመባል ቢያንስ 3 ዓመት በእንጨት በርሜል መቀመጥ በሕግ ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ተራ የሚባለውም ጥሩ መሠረት አለው። ዋናው ጉዳይ እሽጉ ያልተነካ መሆኑ ነው። ዋጋው ከገበያው በጣም የወረደ ጠርሙስ ካያችሁ እለፉት።

ቅመሙን ካወረዳችሁ በኋላ አጥልሉትና ትንሽ ታገሱ። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ነው የሚተንነው። የፈላው ላይ ወዲያው ውስኪ ከጨመራችሁ፣ ብርጭቆውን ወደ አፍ ስታስጠጉ ትነቱ አፍንጫና ዓይን ላይ ይወጣል። እፍ ሳትሉ መጎንጨት ስትችሉ ያን ጊዜ ልክ ነው። ብርጭቆውን አስቀድማችሁ በሙቅ ውሃ አለቅልቁት። አይሰነጠቅም፣ መጠጡም ቶሎ አይቀዘቅዝም። ከዚያ አንድ ማንኪያ ተኩል የማር ብጥብጥ፣ የሎሚውን ቅመም ውሃ 150 ሚሊ ሊትር፣ በመጨረሻ 45 ሚሊ ሊትር ውስኪ። አንዴ አማስሉትና ጠጡ።

ይህ ልኬት ወደ 9 በመቶ አልኮል ይሆናል። ከጠንከር ያለ ጠጅ ጋር ይቀራረባል ማለት ነው። ማሩ ስለሚሸፍነው ግን አይታወቅም፤ ተንቆርቁሮ ይወርዳል። እኔ ቤት በምሽት አንድ ነው፤ ሲበዛ ሁለት። ደግሞ ሰውነት አሞቀ ማለት ብርድ ተከላከለ ማለት አይደለም። አልኮል ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ቆዳችን ይሞቀናል፤ ሰውነታችን ግን የውስጥ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ስለዚህ ይህ ቤት ተቀምጠው፣ ጋቢ ደርበው የሚጠጡት ነገር ነው። ጠጥቶ ወደ ብርድ መውጣትም ሆነ መኪና መያዝ አይሆንም። ለጉንፋን ፓራሲታሞል የዋጠ ሰውም ውስኪው ይቅርበት፤ ሁለቱ ተደራርበው ጉበት ላይ ሸክም ናቸው።

እንግዳ ሲበዛ ቅመሙን በትልቅ ድስት አፍልቼ ፔርሙዝ ውስጥ እገለብጠዋለሁ። ውስኪው ፔርሙዙ ውስጥ አይገባም፤ ጠረጴዛ ላይ ከነመለኪያው ይቀመጣል። የሚጠጣው ለራሱ ይጨምራል። የማይጠጣው ማርና ሎሚ ብቻ አድርጎ ከሌላው እኩል ይደሰታል። የዘንድሮው የገና ዋዜማ ላይ ከግማሽ በላይ የሆኑት እንዲሁ ነበር የጠጡት። አክስቴ አረቄዋን ይዛ መጥታ ነበር፤ በመለኪያዋ ጨመረችበትና «ይሄ ነው እንግዲህ» አለች። እውነቷን ነው፣ ከኮረሪማው ጋር ሲገጥም ከውስኪው አይተናነስም። የተረፈውን ቅመም ደግሞ ሎሚ ካልገባበት አስቀምጡት። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ቅጠል ይጨመርበትና ለቁርስ ይፈላል።