የልጄ አፍ የተፈታበት ቀን

ለግሸን ማርያም የተሳልኩትን አግብቻለሁ። ስትሰማኝ እመሰክራለሁም ብዬ ነበርና ይኸው።

የደሴ ልጅ ነኝ። ሁለቱን ልጆቼን የወለድኳቸው በስደት፣ ካርቱም ነው። ታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. በስፖንሰር ካናዳ፣ ዊኒፔግ ገባን። ከዚያ ሁሉ ሙቀት ወጥቶ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ! ልጆቹ ግን ብርዱን ቶሎ ለመዱት። እኔ ነኝ እስከ ዛሬ ያልለመድኩት።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። የስምንት ዓመቱ ልጄ ትምህርት ቤት ሲገባ ዝም አለ። ቤት ውስጥ አማርኛውንም ዐረብኛውንም ያንበለብለዋል። ክፍል ሲገባ አፉ ይለጎማል። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ሊሞላ። አስተማሪዋ በአስተርጓሚ "አዲስ ቋንቋ የሚማር ልጅ መጀመሪያ ያዳምጣል፤ ጊዜ ስጪው" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ግን የእናት ሆድ ጊዜ ያውቃል? ታናሽ እህቱ ከጓደኞቿ ጋር ስትንጫጫ እሱ ጥግ ይዞ ይቆማል።

ደሴ ደወልኩ። እናቴ "ለግሸን ተሳዪ" አለችኝ። ቡና ሊጠጡ የመጡት ሙስሊም ጎረቤታችን ስልኩን ተቀበሏትና "አብሽሪ ልጄ፣ እኔም ዱዓ አደርጋለሁ" አሉኝ። ያን ሌሊት ተነሥቼ "እመቤቴ፣ የልጄን አፍ ፍቺልኝ። በመስከረም 21 ጃንጥላ ይዤ ደጅሽ እመጣለሁ" አልኩ።

በ21 ቢሆን ለወሬ ያምር ነበር። እውነቱ ግን መጋቢት 15፣ በሕፃኑ ቂርቆስ ቀን ነው። ከትምህርት ሲወጡ ልጅቷ ጓንቷን ረስታ ተመለሰች። የአውቶቡሱ ሹፌር በሩን ሊዘጋ ሲል ልጄ ብድግ ብሎ ጮኸ፦ "ዌይት! ማይ ሲስተር!" አውቶቡሱ ሙሉ ዞሮ አየው። ሹፌሩም ጠበቃት። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። "እማዬ፣ አወራ!" እልልታዬን የሰማች የታች ቤት ጎረቤት ደንግጣ መጣች።

በማግስቱ ተናጋሪ ሆነ አልልም። አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል እያለ ነው የወጣለት።

ፓስፖርት አግኝተን ለመስከረም 2012 ወሎ መጣን። ጃንጥላውን ተሸክሞ መስቀለኛውን አምባ የወጣው ራሱ ነው። አሁን ደግሞ የጠፋው አማርኛው! አያቱ ስታናግረው ቃል ያጥረውና እኔን ያያል። ለዚህ እንኳ አልተሳልኩም። ሦስት ሳምንት እሷ ዘንድ ተውኩት።

ስንመለስ አውሮፕላኑ ሲናጥ ዓይኔን ጨፈንኩ። እጄን ያዘና "አብሽሪ እማዬ" አለኝ።