ብሩ የገባው ሰኔ 27 ነበር

ሐምሌ 2011 ነው። ከሰዓት በኋላ። ስድስት ኪሎ ላይ ዝናቡ ይወርደዋል። አንዲት መምህርት ጃንጥላዋን በሩ ጥግ አስደግፋ ገባች። ከቦርሳዋ ተማሪ የሚጽፍበት ዓይነት፣ ልባሱ ሰማያዊ የሆነ ደብተር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

«እስቲ እየው» አለችኝ።

ገለጥኩት። በማስመሪያና በእስክርቢቶ የተሰመረ ሰንጠረዥ ነው። የ14 ሰው ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የሠሩበት ቀን፣ የሚከፈላቸው ብር፣ ፊርማ። ከ14ቱ የዘጠኙ ስም ትይዩ «ተከፍሏል» ይላል። ከሱ ጎን በቀይ፣ ፊደሉን አሳንሳ፣ «ከዕቁብ» ብላ ጽፋለች።

ዕቁቧ ወጥቶላት ነበር። ለቤቷ ጣራ ያሰበችውን ብር፣ በዩኒቨርሲቲው ስም ለያዘችው ጥናት ላሰማራቻቸው መረጃ ሰብሳቢዎች ከፈለችው። አምስቱ ግን ቀሩ። «ማታ ማታ ይደውሉልኛል። ደግሞ እውነታቸውን ነው፤ ሠርተዋል» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ያኔ በዩኒቨርሲቲያችን የመምህራንን የማማከር ሥራ የሚያግዝ ክፍል እንዳቋቁም ከተመደብኩ አሥር ወር ሆኖኛል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ዛሬም ጥሩ ነው። መምህራኖቻችን ውሃ፣ አፈር፣ ሕንፃ፣ ግብር፣ ሕግ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እውቀታቸውን የሚፈልገው መሥሪያ ቤት ደግሞ ከግቢያችን በር ጀምሮ እስከ አራት ኪሎ፣ ከዚያም እስከ ፒያሳ ድረስ ሞልቷል። ሥራው በዩኒቨርሲቲው ስም ይምጣ፣ መምህሩ ይጠቀም፣ ላብራቶሪው አንድ ዕቃ ይግዛበት፣ ተማሪውም ክፍል ውስጥ ከመጽሐፍ ሳይሆን ትናንት ከተሠራ ሥራ ምሳሌ ይስማ ነው ነገሩ።

እና መመሪያ ጻፍኩ። 38 ገጽ። መግቢያው ላይ በጊዜው ይሠራበት የነበረውን የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 ጠቀስኩ። ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ የተከራከርነው ስለ ክፍፍሉ ነው። ለዩኒቨርሲቲው ስንት በመቶ፣ ለኮሌጁ ስንት፣ ለትምህርት ክፍሉ ስንት፣ ለባለሙያው ስንት። ሰው ድምፁ እስኪዘጋ የተሟገተው ለ5 በመቶ ልዩነት ነበር። 38ቱ ገጽ ውስጥ ግን አንድ ነገር የለም። ብሩ ባንክ ከገባ በኋላ፣ ደብተሩ ላይ ስማቸው ያለው ልጆች እጅ በስንት ቀን ይደርሳል? ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም።

የሷ ሥራ የአንድ ከተማ የውሃ አጠቃቀም ጥናት ነበር። ውሉ የተፈረመው መጋቢት ላይ ነው፣ በዩኒቨርሲቲው ስም። መረጃው ክረምት ሳይገባ መሰብሰብ ነበረበት፤ ዝናብ ከጀመረ ሰው የሚቀዳበት ቦታም የሚቀዳው መጠንም ይለወጣል። ስለዚህ ቅድመ ክፍያውን ሳትጠብቅ ልጆቹን ቀጥራ አሰማራች። ውሉ ደግሞ ቅድመ ክፍያው የመነሻ ሪፖርት ሲቀርብ ይለቀቃል ይላል። ሪፖርቱ ያለቀው ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። ያን ሰሞን፣ ታስታውሱ ከሆነ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በኢሜይል መላክ የሚባል ነገር የለም። አሳትማ፣ በሦስት ቅጂ አስጠርዛ፣ አንዱን በፍላሽ ጭና፣ ራሷ ሄዳ አስረከበች።

አሠሪው መሥሪያ ቤት አላንገራገረም። በጀቱ ሳይቃጠልበት ቶሎ ከፈለ። ብሩ የዩኒቨርሲቲው ሂሳብ ውስጥ የገባው ሰኔ 27 ነው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል። በዚያ ዓመት 30ው እሑድ ዋለ። ሐሙስ ለገባው ብር የቀረው የሥራ ቀን አርብ ብቻ ነበር ማለት ነው። ፋይናንስ መዝገብ እየዘጋ ነው። ለፕሮጀክቱ የሂሳብ ኮድ አልተከፈተም፤ ኮዱ እንዲከፈት ማን ደብዳቤ እንደሚጽፍ መመሪያዬ አይናገርማ! ብሩ አለ። የማን እንደሆነ ግን በወረቀት አይታወቅም።

ደብተሩን ባየሁ ማግስት ፋይሉን ራሴ ይዤ ዞርኩ። አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ። ከትምህርት ክፍሉ ወደ ኮሌጁ፣ ከኮሌጁ ወደ መዝገብ ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ሕግ ክፍል፣ እንደገና ወደ መዝገብ ቤት። የቆምኩበትን ጠረጴዛ ሁሉ እየቆጠርኩ ጻፍኩ፤ 11 ሆነ። መዝገብ ቤት ውስጥ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት አሉ። ፋይሉን ሲያዩ ወዲያው አወቁት።

«አንተ ልጅ፣ የዚህ ደብዳቤ እኮ እዚህ ከተቀመጠ 12 ቀኑ ነው።»

«ለምን እትዬ?»

«ቁጥር የለውም። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ የት ይሄዳል? ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም።»

ቁጥሩን ለመስጠት ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። መዝገቡን ገለጡ፣ ጻፉ፣ ማህተሙን ተፍ አድርገው አሳረፉበት። 12 ቀን የተቀመጠው ለዚህ ነበር።

ከዚያ ፋይናንስ ገባሁ። ኃላፊው ጡረታ የተቃረቡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሆዴ ብሶት ስለነበር ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረስኩም።

«ጋሼ፣ ብሩ የሰው ነው። ለምን አይለቁላትም?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠራው አንተን አይደለም፣ እኔን ነው። ያለ ሰነድ ከለቀቅኩ ከኪሴ እከፍላለሁ። ሰነዱን አሟላልኝ፣ በዚያው ቀን እፈርማለሁ።»

ተናድጄ ወጣሁ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው። የትኛው ሰነድ እንደሚያስፈልግ መጋቢት ላይ ለመምህርቷ መንገር የነበረበት ክፍል የማን ነበር? የኔ።

ብሩ የተለቀቀው ነሐሴ 20 ነው። ጋሼ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ሰነዱ በተሟላበት ቀን ፈረሙ። መምህርቷ ቢሮዬ ቁጭ ብላ ለአምስቱ ልጆች አንድ በአንድ ደወለች። አራቱ አነሱ። አንዱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀ፤ ስልኩን ሸጦት ኖሯል። ይሄ ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

የሷን ድርሻ ለመክፈል ስንቀመጥ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ዋጋውን ስታሰላ የሚቆረጠው 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ከፋዩ ከክፍያው ላይ ቀንሶ የሚያስቀረው ግብር፣ ብቻ መስሏት ነበር፤ በጊዜው ከ3,000 ብር በላይ ለሆነ አገልግሎት የሚቀነሰው እሱ ነው። ግን እሷ የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪ ናት። ክፍያው ከደሞዟ ጋር ተደምሮ በፔሮል፣ በደሞዝ መክፈያው ዝርዝር፣ አለፈ። በአዋጅ 979/2008 ደግሞ ከ10,900 ብር በላይ ያለው የወር ገቢ 35 በመቶ ግብር ይቆረጥበት ነበር። ሁለትና ሠላሳ አምስት! ቫቱም እንዲሁ። ፕሮፖዛሏ ላይ ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር አልተጻፈም። አሠሪው እንደሚጨምር አድርጎ አነበበው፤ በ15 በመቶ ቫት፣ 1 ሚሊዮን ብር ቫትን ጨምሮ ነው ከተባለ 130,435 ብር ገደማው የመንግሥት ነው። እዚያ ላይ የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ይነሳል። አራት ወር የለፋችበትን ሥራ መጨረሻ ላይ አስልተን ስናሳያት ዝም አለች። ቆይታ «ይሄን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ሥራውን አልተውም ነበር፤ ዋጋውን ነበር የማስተካክለው» አለችኝ።

ከዚያ በፊት፣ መምህራን ሥራ በጎን ይዘው በሌላ ድርጅት ፈቃድ ሲሠሩ ስሰማ፣ ለገንዘብ መሳሳት ነው እል ነበር። ስብሰባ ላይም ተናግሬዋለሁ። አሁን እንደዚያ አልልም። በጎን የሚያሠራው ድርጅት ውሉን የሚያነብለት፣ ክፍያ የሚያሳድድለት፣ ለመስክ ሠራተኛ ከፋይ የሚሆንለት ሰው አለው። እኛ ጋ የነበረው የፐርሰንት ሰንጠረዥ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም ተሸክሞ የሚሠራ ሰው፣ ስሙ ከኋላው እንዲቆምለት መጠበቁ ምን ይገርማል?

መስከረም 2012 ላይ መመሪያው ፊት አንድ ገጽ ጨመርን። አንድ ብቻ። ርዕሱ «ከመፈረምዎ በፊት» ነው። ዋጋው ከቫት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ክፍያው ለባለሙያው በምን በኩል ያልፋል፣ ስንት ይቆረጣል? ቅድመ ክፍያው በየትኛው ወር ይገባል? የመስክ ሠራተኛ አለ ወይ? በዚያ ወር የሚያስተምሩት ክፍል ካለ ማን ይሸፍናል? የመጨረሻውን ያስጨመሩት የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ናቸው። ልክ ናቸው፤ ተማሪ መምህሩን በር ላይ ጠብቆ መመለስ የለበትም።

ሁለተኛው፣ እትዬን ወደ ክፍላችን እንዲያዛውሩልን ለመንን። ሥራቸው አንድ ነው፤ ፋይል መከተል። 11ዱን ጠረጴዛ ያውቃሉ፣ በየጠረጴዛው ያለውን ሰው ልጅ ስም ሳይቀር ያውቃሉ። አንድ ደብዳቤ ከሦስት ቀን በላይ አንድ ቦታ ከቆየ እግራቸውን ጫማ ውስጥ ከተው ይነሳሉ።

ሦስተኛው ከባድ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ድርሻ ላይ ትንሽ ተንከባላይ ገንዘብ ይቀመጥ፣ የመስክ ሠራተኛ ከሱ ይከፈል፣ ቅድመ ክፍያው ሲገባ ይተካ አልን። ጋሼ አልዋጥላቸው አለ። ሦስት ጊዜ መለሱን። አራተኛው ጊዜ ላይ ምን እንደማሳያቸው ሳስብ ደብተሩ ትዝ አለኝ። መምህርቷን ለምኜ ይዤላቸው ሄድኩ።

ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ስም፣ መታወቂያ፣ ቀን፣ ብር፣ ፊርማ። «ይሄን ማን ነው ያዘጋጀው?» አሉ። ነገርኳቸው። «ይሄማ የሒሳብ ሰው ሥራ ነው። በዚህ ቅጽ ከሆነ፣ የመታወቂያ ኮፒ ተያይዞበት፣ እፈርማለሁ» አሉኝ። «ከዕቁብ» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ ሲያዩ ግን ቀና ብለው አዩኝና ምንም አልተናገሩም። አሁን ክፍሉ የሚያሳትመው የመስክ ክፍያ ቅጽ ዓምዶቹ በዚያ ደብተር ላይ በተሰመሩት ቅደም ተከተል ነው።

ጥር ላይ አንድ ወጣት መምህር የውል ረቂቅ ይዞ መጣ። የአፈር ምርመራ ሥራ ነው፣ ገና አልተፈረመም። እትዬ ይዘውት ፋይናንስ ገቡ፣ እኔም ተከተልኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ረጋ ብለው አነበቡ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ እስክርቢቷቸውን አነሱ። «የመጀመሪያ ክፍያ፣ ሰኔ» የሚለውን ሰረዙና በላዩ ላይ «መጋቢት» ብለው ጻፉበት።

«እንካ፣ በዚህ ተደራደር» አሉት።