«በተጨማሪም» ሲሰረዝ፦ የሳይንሳዊ ጽሑፍ ማያያዣዎች ልምምድ

ስለ ጤፍና ማዳበሪያ የምጽፈው ጥናት የውይይት ክፍል (ውጤቱ ምን ማለት እንደሆነ የሚብራራበት) አሁን ሳያደናቅፍ መነበብ ጀምሯል፤ በዚህ በጣም ደስ ብሎኛል። የዘዴ ክፍል፣ ማለትም ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ የሚነገርበት፣ ብዙ አያስቸግርም። ሥራው በተሠራበት ቅደም ተከተል ስለሚነገር «በመጀመሪያ» እና «ቀጥሎ» ይበቁታል። ጣጣው ያለው ውይይቱ ላይ ነው።

ይህን ተመልከቱ፦ «ናይትሮጅን የጤፍን አገዳ ያስረዝማል። በተጨማሪም ነፋስና ዝናብ መጋሸብን ያስከትላሉ። ስለሆነም ምርት ይቀንሳል።» (መጋሸብ ማለት ሰብሉ ጎብጦ መሬት ላይ መተኛቱ ነው።) ማያያዣ ሞልቶታል፤ ሐሳቡ ግን አልተያያዘም። የአገዳው መርዘም ከመጋሸቡ ጋር ምን እንዳገናኘው ማን ነገረን? አሁን ደግሞ ያለ ማያያዣ፦ «ናይትሮጅን ሲበዛ የጤፍ አገዳ ይረዝማል። የረዘመው አገዳ ዛላውን መሸከም ስለሚያቅተው በነፋስና በዝናብ ይጋሸባል። የተጋሸበ ጤፍ ፍሬው በደንብ አይሞላም፤ ለአጨዳም ያስቸግራል።»

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። «ይረዝማል» ብሎ የተዘጋው ዓረፍተ ነገር ቀጣዩን «የረዘመው» ብሎ ይከፍትለታል። የመጋሸቡ ምክንያት ደግሞ «ስለሚያቅተው» ውስጥ ገብቷል፤ ለብቻው የሚቆም ቃል አላስፈለገውም። ለዚህ ነው የማያያዣ ቃላት ዝርዝር ሸምድዶ መጻፍን አጥብቄ የምቃወመው።

የሚሻለው የረቂቁ ቅጂ ላይ ማያያዣዎቹን በሙሉ ሰርዞ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ንባቡ የሚሰበርበት ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የጎደለው ማያያዣ ሳይሆን መረጃ ነው። መረጃው ከተሟላ በኋላ ሐሳቡ አቅጣጫ የሚቀይርበት ላይ ብቻ ማያያዣውን መመለስ። የተጠበቀው ካልሆነ «ነገር ግን» ይገባል፦ ማዳበሪያው ተጨመረ፣ ነገር ግን ምርቱ አልጨመረም። ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሲነጻጸሩ ደግሞ «በአንጻሩ»። እነዚህን ማቀያየር ትርጉም ያዛባል።

«ስለዚህ» የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንድ ማሳ ላይ መጋሸብም የምርት መቀነስም አብረው መታየታቸው ብቻ አንዱን የሌላው ምክንያት አያደርገውም። ሙከራው ምክንያቱን ለይቶ ካላሳየ «አብሮ ታይቷል» ማለት ይበቃል። «ይህም የሚያሳየው» ብሎ መጀመርም አይመከርም፤ ከፊቱ ሦስት ግኝቶች ካሉ «ይህ» የትኛው ነው? «ይህ የአገዳ መርዘም» ብሎ ስሙን መጥራት ነው።

ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ መሻገሩ አሁንም እያታገለኝ ነው። እስካሁን የጠቀመው የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሌላ ገጽ ላይ ገልብጦ በተከታታይ ማንበብ ነው። ሐሳቡ ከዘለለ አንቀጾቹን ቦታ ማቀያየር ይቀድማል፤ «ከላይ እንደተገለጸው» ብሎ መጠገን አንባቢውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል።