ሁለተኛው ቀዳዳ

ዛሬ የሃርሞኒካዬ ሁለተኛው ቀዳዳ አፉን ፈታ። 5 ሳምንት ሙሉ አኩርፎኝ ነበር።

ሃርሞኒካዬ ትንሿ፣ 10 ቀዳዳ ያላት፣ ኪስ የምትገባዋ ናት። በሲ (C) የተቃኘች። ስገዛት "ይቺ ደግሞ ምን አላት!" ብዬ ነበር። ክር የላት፣ ጣት የሚደናበርበት ቦታ የላት። መንፋትና መሳብ ብቻ። መተንፈስ እንደሆነ ከተወለድኩ ጀምሮ ስሠራው የኖርኩት ነገር ነው አልኩ። ጉድ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቀዳዳ ለይቶ መንፋት ራሱ ፈተና ነበር። ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ እየነፋሁ የመኪና ጥሩምባ መሰልኩ። ከንፈርን እንደሚያፏጭ ሰው ሰብሰብ አድርጎ፣ ሃርሞኒካዋን ጠለቅ አድርጎ መጉረስ ነው መላው። እሱስ በ10 ቀን ገደማ መጣልኝ።

ሁለተኛው ግን ሲነፋ ደህና ነው፣ ሲሳብ የታነቀ ይመስላል። አጥብቄ በሳብኩት ቁጥር ይብሱን ይታፈናል። አንድ ቀን ልጄ በሩን ገርበብ አድርጋ "አባዬ፣ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?" አለችኝ። ምን ልበላት?

ሌላ ቀዳዳ ቢሆን ዘልዬው አልፍ ነበር። እኔ የምፈልገው ብሉዝ ግን፣ ያ የጥቁር አሜሪካውያን የትካዜ ሙዚቃ፣ ያለሱ አይሆንም። ይቺ ዕቃ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን አገር ስትሠራ የታሰበችው ለሕዝብ ዘፈንና ለዳንስ ነው። የሲ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚስማሙ ድምፆች ስብስብ፣ የሚወጣው ሲነፋ ነው፣ ቤቷ እሱ ነው። የአሜሪካ ደቡብ ጥቁር ተጫዋቾች ግን ነገሩን ገለበጡት። በሲ የተቃኘውን ይዘው በጂ (G) ተጫወቱ። ያኔ ዋናው ሥራ መሳቡ ይሆናል። ከ1 እስከ 4 ያሉትን አንድ ላይ ስትስብ የጂ ኮርድ ይሰጥሃል። ደግሞም እነዚህ ቀዳዳዎች ሲሳቡ ድምፃቸው ይታጠፋል፤ ሰው ሆድ ብሶት ሲያንጎራጉር እንደሚያደርገው ዝቅ እያለ ይንሸራተታል። ማይክራፎኑን ከሃርሞኒካው ጋር በመዳፉ አፍኖ ይጫወት የነበረውን የብሉዝ ሃርሞኒካ ተጫዋች ሊትል ዋልተርን የሰማ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። የዚህ ሁሉ መነሻና መመለሻ ደግሞ ሁለተኛው ቀዳዳ ነው። ሲሳብ ጂ እሱ ነውና።

ስለዚህ ዕቃው ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ። የሠራትን ፋብሪካ እየረገምኩ ክዳኗን ፈታኋት። ውስጧ 20 ቀጫጭን የናስ ምላሶች አሉ፣ 10ሩ ለመንፋት፣ 10ሩ ለመሳብ። ከረጅም ወደ አጭር ተደርድረዋል። ሁለተኛውን በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ቀስ ብዬ ነካ አደረግኩት። ጥርት ብሎ ነዘረ። ምንም አልሆነም። አፍሬ መልሼ ገጠምኩት።

የገባኝ በኋላ ነው። ሦስተኛው ቀዳዳ ሲነፋና ሁለተኛው ሲሳብ አንድ ዓይነት ድምፅ መስጠት አለባቸው፤ ሁለቱም ጂ ናቸው። ሦስተኛውን ነፋሁ፣ ሁለተኛውን ሳብኩ። የእኔው ሁለተኛ ወደ ታች ዘመም ብሏል። ማለትም ሳላውቀው እያጠፍኩት ነበር! ሰው ወራት ለፍቶ የሚማረውን ማጠፍ እኔ ሳልፈልገው፣ ያለቦታው፣ ከነመታፈኑ እየሠራሁት ነው። ምላሴ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ጉሮሮዬን አጥብቦታል። ማወቅ ሌላ፣ ምላስን መፍታት ሌላ። እንዲያውም ካወቅኩ በኋላ ይበልጥ ተገተረ።

ዛሬ ማታ ልጄ ተኝታለች። እንዳልቀሰቅሳት ብዬ አልጋ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ በጣም በቀስታ ጀመርኩ። መሳብ እንኳ አይባልም፣ በሃርሞኒካዋ በኩል መተንፈስ ነው። መሃል ላይ ማዛጋት መጣብኝና ከአፌ ሳላወጣት አዛጋሁ። አገጬ ወረደ፣ ጉሮሮዬ ተከፈተ። ጂ ወጣ። ወፍራም፣ ክብ ድምፅ፣ ጣቴ ላይ ሳይቀር ይነዝራል። ደንግጬ አቆምኩ። እንደገና ሞከርኩ፤ ጠፋ። አውቄ አዛጋሁ፤ መጣ። ስንት ጊዜ እንዳዛጋሁ እንጃ። ብቻ እውነተኛው እንቅልፍ ሊወስደኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ከዚያ ስግብግብነቴ መጣና ወደ ሦስተኛው ሄድኩ። እሱ ሲሳብ ከሥሩ ሦስት ድምፅ ደብቋል፤ ብሉዙ ያለው ደግሞ የመጀመሪያው ግማሽ ድምፅ ላይ ነው። ትንሽ ዝቅ አደረግኩት፣ ወረደ። ደስ አለኝና ጨመርኩ። ሲጥ ብሎ ሞተ። ምራቅም ሞልቷት ነበር መሰለኝ።

መዳፌ ላይ መታ መታ አድርጌ አራገፍኳት። አሁን ቀዳዳዎቿ ወደ ታች ሆነው እንድትደርቅ ኮመዲኖው ላይ አስቀምጫታለሁ።